የሕፃናት የአእምሮ ጤና አጠባበቅና የአገር ልማድ፦ ከማንኩሳ አካባቢ አንጻር የቀረበ ታሪካዊ ጥናት

መግቢያ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ማንኩሳ ከአካባቢው ውጭ ላለው አንባቢ ይበልጥ የምትታወቀው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በፍቅር እስከ መቃብር ነው። የልብ ወለዱ ዋና ባለታሪክ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። በሕፃንነቱ ሕመም ስለ በረታበት ወላጆቹ ከሞት ቢተርፍላቸው ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሊሰጡት ተሳሉ። ልጁ ዳነ፤ ስለቱም ከእርሱ ጋር አደገ። ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላም እርሱ ሳይጠየቅ የተገባው ቃል በኑሮውና በፍቅሩ ላይ የተጫነ ሸክም ሆኖ ይታያል።

ልብ ወለድ የሕክምና መዝገብ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅም አንድ ጉዳይ ያነሣል። ወላጆቹ ልጃቸውን አልናቁትም፤ እንዲያውም ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትን ልጅ ለማዳን የሚያውቁትንና የሚያምኑበትን ሁሉ አደረጉ። ያደረጉትም አገሩ በሚያውቀው ቋንቋና ሥርዓት ነበር። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያልተጠየቀው ልጁ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የሕፃናት የአእምሮ ጤና አጠባበቅ ታሪክ በአመዛኙ ሁለት ጎኖች ያሉት ታሪክ ነው። በአንድ በኩል ቤተሰቡ የሚያውቀው የጥንት አያያዝ አለ፤ በሌላ በኩል ከውጭ የመጣው ዘመናዊ ሙያ አለ። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ የተገናኙባቸውን ጥቂት ወቅቶች በቅደም ተከተል መርምሮ፣ ከግንኙነቱ የተገኘው ትምህርት እንደ ማንኩሳ ባለ የገጠር አካባቢ ለሚያስተምር መምህር ምን እንደሚፈይድ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ከሌላቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የቀድሞው አያያዝ

በጎጃም ገጠር የልጅ አእምሮ ነገር ስም ያልወጣለት ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የክፍሉን የስም መዝገብ የሚጠራ መምህር ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ የሚሉ ስሞችን በየዓመቱ ያነብባል። እነዚህ ስሞች ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ከእርሱ በፊት የሞተ ልጅ ወይም ዘመድ ላለበት ሕፃን ነው። ልጁ ገና አፉን ሳይፈታ የቤተሰቡን ኀዘን የሚያስረሳ ሆኖ ይጠራል ማለት ነው። ስሙ ወላጆችን ያጽናናል፤ የሕፃኑንም መወደድ ያመለክታል። በዚያው ልክ ደግሞ ልጁ ከመወለዱ በፊት የደረሰን ሐዘን ተሸክሞ እንደሚያድግ ይናገራል።

ትምህርት አልገባው ያለ፣ በድንገት የፈዘዘ ወይም ለፈተና ሲቀርብ የሚያውቀው የሚጠፋው ልጅ ዓይነ ጥላ አለበት ይባላል። ሌሊት እየባነነ የሚጮኸው ሕፃን ቡዳ በልቶት ወይም ክፉ ነገር አስደንግጦት ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው። ወደ ጠበል ይወሰዳል፤ ጸሎት ይደገምለታል፤ ደብተራ የጻፈው ክታብ በአንገቱ ይታሰርለታል። የትምህርትን ብርታት ለመጨመርም በቅኔ ቤቶች አካባቢ አብሾ የሚባለው ተክል ሲጠጣ ኖሯል። ይህ ተክል መርዛማ ነው፤ መጠኑ ካለፈ አእምሮን ያናውጣል። ዛሬም ድንገት የሚቆጣን ወይም ከልክ ያለፈ ድፍረት የሚያሳይን ሰው «አብሾ አለበት» የሚያሰኘው ይኸው የቆየ ዕውቀት ነው።

ይህ አያያዝ በዘመናዊ ትምህርት ዐይን ሲታይ ቶሎ ሊናቅ ይችላል። ነገር ግን የሚያከናውናቸው ሦስት ተግባሮች አሉ። አንደኛ፣ ስቃዩን በስም ይጠራዋል። ሁለተኛ፣ ጥፋቱን ከልጁ ላይ ያነሣል፤ ዓይነ ጥላ ያለበት ልጅ ሰነፍ ነው ተብሎ ከመገረፍ ሊድን ይችላል። ሦስተኛ፣ ዘመድ አዝማዱን በልጁ ዙሪያ ይሰበስባል። ጠበል ቦታ የሚወስደው እናት፣ አያት ወይም የክርስትና አባት አብሮት ይሰነብታል። ብዙ የገጠር ልጆች ከታላላቆቻቸው ጋር ሳይቋረጥ ብቻቸውን ጊዜ የሚያሳልፉት በእንዲህ ያለው ወቅት ነው።

ጉዳቱም የሚካድ አይደለም። ሕመሙ የጋኔን ሥራ ነው የተባለ ልጅ እንዲለፈልፍ ተብሎ ሊደበደብ ወይም በጭስ ሊታፈን ይችላል፤ በመድኃኒት ሊረዳ የሚችለውም ዓመታት ያልፉበታል። ደግሞም ልማዱ የሚያየው የተወሰነውን ስቃይ ብቻ ነው። በታላላቆች ፊት ዝም ማለት፣ ዐይንን ሰበር ማድረግ፣ ሲጠሩት ብቻ መቅረብ በአማራ ገጠር የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ገበሬዎች መካከል ባደረጉትና በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን ሥነ ሥርዓት በሰፊው ገልጸውታል። ስለሆነም በኀዘን ወይም በፍርሃት የተዋጠና ዝም ያለ ልጅ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው» እየተባለ ሊመሰገን ይችላል። የሚሮጠውና የሚረብሸው ደግሞ ባለጌ፣ ወላጆቹም ልጅ ማሳደግ የማያውቁ ይባላሉ። የመጀመሪያው ልጅ ስቃይ በምስጋና፣ የሁለተኛው በስድብ ይሸፈናል።

ዘመናዊው ሙያ የጀመረበት ሁኔታ

በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የሆስፒታሉ ሥራ በአመዛኙ ጽኑ ሕመም ባደረባቸው ጎልማሶች ላይ ያተኮረ ነበር። ከማንኩሳ የተነሣ ቤተሰብ ልጁን ወደዚያ ለማድረስ ዓባይን መሻገር፣ ለመንገድና ለመሰንበቻ ገንዘብ ማግኘት፣ የእርሻውንም ሥራ መተው ነበረበት። ልጁ እንቅልፍ ስላጣ ወይም ትምህርት ስለ ጠላ ብቻ ይህን የሚያደርግ ወላጅ አይኖርም።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩት ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ሥራ ልዩ ቦታ አለው። ጊል ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥተው በትንሽ ከተማና በገጠር መንደር የአእምሮ ሕመም ምን ያህል እንደሚገኝ ከባልደረቦቻቸው ጋር አጠኑ። በ1968 እ.ኤ.አ. በጊዮን ማለትም በወሊሶ ስለሚካሄደው የእምነት ፈውስና በመንፈስ ስለ መያዝ የተጻፈ ጥናት አወጡ። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኢትዮጵያውያን ሕፃናት ላይ ስለሚታዩ የጠባይ ችግሮች የሚናገር ጽሑፍ አሳተሙ። የእነዚህን ጥናቶች ጥቅም ከቁጥራቸው ይልቅ በአቀራረባቸው መመዘን ይገባል። ሕመምተኛው ወደ ሐኪም እስኪመጣ አልተጠበቀም፤ ሐኪሙ ሕመምተኛው ወደሚኖርበትና ፈውስ ወደሚፈልግበት ቦታ ሄደ።

በሌላው የአፍሪቃ ክፍልም ተመሳሳይ ሐሳብ በሥራ ላይ ውሎ ነበር። ናይጄሪያዊው የአእምሮ ሐኪም አዴዮዬ ላምቦ በ1954 እ.ኤ.አ. በአቤኦኩታ አጠገብ በአሮ ባቋቋሙት የሕክምና ሥርዓት ሕሙማን ከዘመዶቻቸው ጋር በአካባቢው መንደሮች እያደሩ ቀን ቀን በሆስፒታሉ ይታከሙ ነበር። የባህል ሐኪሞችም በሥራው ተካፋዮች ነበሩ። የላምቦ ሐሳብ አንድ ሰው ከሚያውቃቸው ሰዎችና ከሚያምንበት ነገር ተነጥሎ ቢታከም የመዳን ዕድሉ ይቀንሳል የሚል ነበር። ይህ ለጎልማሳ እውነት ከሆነ ለሕፃን ይበልጥ እውነት ይሆናል። ሕፃን ስቃዩን የሚገልጽበትን ቃል የሚያገኘው ከቤቱ ነውና።

ዐሥሩ ጥያቄዎች

በ1978 እ.ኤ.አ. በአልማ አታ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎትን መሠረት ባደረገ ጊዜ፣ የአእምሮ ጤናም ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድበት መንገድ ይፈለግ ጀመር። የዓለም የጤና ድርጅት ባስተባበረውና ጊል በመሩት ጥናት በሱዳን፣ በሕንድ፣ በፊሊፒንስና በኮሎምቢያ ወደ ጤና ጣቢያዎች የመጡ ከ5 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች ተመረመሩ። በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው ከልጆቹ ከ12 እስከ 29 በመቶ የሚሆኑት ከአእምሮ ጤና ጋር የተያያዘ ችግር ነበረባቸው። አብዛኞቹ የመጡት በሌላ ሕመም ምክንያት ስለ ነበር ይህ ችግራቸው ሳይታወቅ ሊመለሱ ይችሉ ነበር።

በዚህ ጥናት የተሠራበት መጠይቅ ዐሥር ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን የሚጠየቀውም ወላጅ ነው። የጥያቄዎቹ ይዘት በአጭሩ እንደሚከተለው ነው፦ የልጁ አነጋገር ከሌሎቹ የተለየ ነውን? እንቅልፍ ይነሣዋልን? ያለ ምክንያት ይወድቃልን ወይም ይንፈራገጣልን? ራሱን ዘወትር ያመዋልን? ከቤት ደጋግሞ ይጠፋልን? ከቤት ይሰርቃልን? ያለ በቂ ምክንያት ይፈራልን ወይም ይደነግጣልን? ከእኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር ወደ ኋላ የቀረ ወይም ለመማር የዘገየ ነውን? ከሌሎች ልጆች ጋር ከቶ አይጫወትምን? ሽንቱ ወይም ሰገራው ያመልጠዋልን?

ይህ መጠይቅ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ተመልሶ በኢትዮጵያም ተሠርቶበታል። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመው የአምቦ አውራጃ ጥናት ከተጠኑት ልጆች 17.7 በመቶ የሚሆኑት የጠባይ ችግር ምልክት የታየባቸው ሆነው ተገኙ። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው የቡታጅራ ጥናት ግን ቢያንስ አንድ ሕመም ያለባቸው ልጆች 3.5 በመቶ ነበሩ። አንባቢ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሊያስገርመው ይችላል። ዋናው ምክንያት የመለኪያው ልዩነት ነው። የአምቦው ጥናት የተጠቀመው ምልክት ያለበትን ልጅ ለመለየት በተዘጋጀ አጭር መጠይቅ ነበር፤ የቡታጅራው ግን የሕመሙን መኖር በሙያ መመዘኛ በሚያረጋግጥ ረዘም ያለ ቃለ መጠይቅ ተሠራ። የመጀመሪያው ወንፊት ነው፤ ሁለተኛው ሚዛን ነው። አንድ ዕቅድ አውጪ በወንፊቱ ቁጥር ሐኪም ቢመድብ ትርፍ ይመድባል፤ በሚዛኑ ቁጥር ብቻ መምህራንን ቢያሠለጥን ደግሞ ሕመም ባይባልም እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ብዙ ልጆች ይዘነጋል።

ከቁጥሩ በስተኋላ ግን የትርጉም ጉዳይ አለ። «ከቤት ደጋግሞ ይጠፋልን?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሕይወት ታሪክ ሲነገር «ከወላጆቹ ኮብልሎ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ደብረ ኤልያስንና ዲማ ጊዮርጊስን ያስታወሱ አባቶች ዘንድ ልጅ ለትምህርት ብሎ መጥፋቱ የብርታት ምልክት ነው። አያቱ ቤት የሚሰነብተውም ልጅ እንደ ጠፋ አይቆጠርም። ስለዚህ ጠያቂው የትኛውን መጥፋት እንደሚጠይቅ ካላብራራ የሚያገኘው መልስ ወይ ከልክ ያለፈ ወይ ባዶ ይሆናል።

«ይፈራልን?» የሚለውም እንዲሁ ነው። መፍራት በአማርኛ ከአክብሮት ጋር የተቀራረበ ትርጉም አለው፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ታላቁን የሚፈራ ልጅ ይመሰገናል። ወላጁ «አዎን፣ ይፈራል» ሲል ልጁን እያመሰገነ ይሆናል። «ከሌሎች ልጆች ጋር አይጫወትምን?» ሲባልም ቀኑን ሙሉ ከብት የሚጠብቅ እረኛ ወይም ውኃ ስትቀዳና ሕፃን ስታዝል የምትውል ልጅ የመጫወቻ ጊዜ ስለሌላት መልሱ ስለ ልጅቱ አእምሮ ሳይሆን ስለ ቤተሰቡ የሥራ ክፍፍል የሚናገር ይሆናል። ቃላቱን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማዛወር ብቻ መጠይቁን ኢትዮጵያዊ አያደርገውም። ጥያቄው በአንድ ቤት ውስጥ ሲጠየቅ ምን ማለት እንደሚሆን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሚጥል በሽታ የሰጠው ትምህርት

የልማድና የሙያ ግንኙነት ለትምህርት ቤት ያለው ትርጉም ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው በሚጥል በሽታ ላይ ነው። ፕሮፌሰር ሬድዓ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ባደረጉትና በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ከ1,000 ሰዎች 5.2 የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ነው። በሕዝቡ አመለካከት ላይ በተደረገው ተከታይ ጥናት ደግሞ ብዙ ሰዎች ሕመሙን ከክፉ መንፈስ ጋር እንደሚያያይዙትና ይተላለፋል ብለው እንደሚፈሩ ተረጋገጠ።

ልጅ በክፍል ውስጥ ሲወድቅ የሚሆነው የታወቀ ነው። እኩዮቹ ይሸሻሉ፤ አረፋውን ለመንካት የሚደፍር ይጠፋል፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን በአፍንጫው ያቀርብለታል። ልጁም ሲነቃ በፊቱ የሚያየው የተሸሸበትን ባዶ ስፍራ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ትምህርት ቤት የማይመለስ ልጅ ያቋረጠው ሕመሙ ስላገደው አይደለም፤ ያገደው እፍረቱ ነው። የክብሪት ጭስ ሕመሙን አያቆመውም። የሚያስፈልገው ልጁን ከድንጋይና ከእሳት ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም ነገር አለመክተት፣ እስኪነቃም አጠገቡ መቆየት ነው። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል። ዋጋው ዝቅተኛ የሆነው ፌኖባርቢታል በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ሲወሰድ በብዙ ሕሙማን ላይ ሕመሙን ይገታል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፦ ጠበሉን የሚቃወም መምህር ቤተሰቡን ያጣል፤ ክኒኑን የማያውቅ መምህር ልጁን ያጣል። እናቲቱ ጠበሉን ሳትተው ክኒኑንም እንድትሰጥ የሚመክር ሰው ግን ሁለቱንም ሊያገኝ ይችላል። ይህ አስተያየት በአዲስ አበባ ተፈትኗል። በእንጦጦ ማርያም የጠበል አገልግሎት በሚሰጡ ካህናትና በአእምሮ ሐኪሞች መካከል ስለተጀመረው የሥራ ትብብር የሚገልጽ ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ትብብሩ የቆመው ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን እምነትና ሙያ አክብሮ በሕመምተኛው ጥቅም ላይ በመስማማታቸው ነው።

ከሆስፒታል ወደ ቤተሰብ

በ1987 እ.ኤ.አ. በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ ተመራቂዎቹም ወደ ክፍላተ ሀገር ሆስፒታሎች ተመደቡ። በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ተጀመረ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ። በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ልጆች የዕድገት መዘግየትና ስለ ኦቲዝም የሚያስተምር ሥልጠና እንዲያገኙ ሙከራ ተደርጓል። በዚህም ሙያው ደረጃ በደረጃ ወደ ልጁ ቤት እየተጠጋ መጥቷል።

ወደ ቤት በቀረበ ቁጥር ግን ያጋጠመው ጥያቄ ያው የቀድሞው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ተንከባካቢዎችን ጠይቆ ነበር። ከእነዚህ 45.1 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 26.7 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። ለሕመሙ የሚሰጡት ምክንያትም የወሊድ ችግርና የጭንቅላት ጉዳት ከሚሉት ጀምሮ የመንፈስ መያዝና የኃጢአት ቅጣት እስከሚሉት ይደርስ ነበር። እነዚህ ወላጆች ክሊኒክ ድረስ የመጡት ናቸው። ያልመጡት ምን ያህል እንደሚደብቁ መገመት አያዳግትም።

የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ሥራ እዚህ ላይ ልዩ ጥቅም አሳይቷል። እስራኤላዊቱ ፕኒና ክላይንና ኖርዌያዊው ሄኒንግ ሪዬ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ በኢትዮጵያ እናቶችና ሕፃናት መካከል ስለተሠራበት ዘዴ ዘግበዋል። ዘዴው ለእናቶች አዲስ የአስተዳደግ ሥርዓት ከመስጠት ይልቅ በየዕለቱ ከልጃቸው ጋር የሚያደርጉትን ነገር እንዲያስተውሉና እንዲያበረክቱት ያግዛል። የሕፃኑን ትኩረት መያዝ፣ ለሚያየው ነገር ስምና ትርጉም መስጠት፣ ከሚያየው ወደማያየው ሐሳቡን ማስፋት፣ ሲሳካለት ማመስገን፣ ሥራውንም በቅደም ተከተል እንዲያከናውን መርዳት የዘዴው አምስት ክፍሎች ናቸው። ምስር የምትለቅም እናት ልጅዋን አጠገብዋ አስቀምጣ «ይህ ጠጠር ነው፤ ይህ ምስር ነው፤ እስቲ አንተ ለየው» ብትል አምስቱም ክፍሎች በአንድ ሰፌድ ላይ ይገኛሉ።

የዓለም የጤና ድርጅት የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች ያዘጋጀው የሥልጠና መርሐ ግብርም ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ተስተካክሎ ተሞክሯል፤ የሙከራው ውጤት በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህ መርሐ ግብር ልጁ የሚማርባቸውን አጋጣሚዎች በጨዋታ ብቻ አይወስናቸውም፤ በዕለታዊ የቤት ሥራም ውስጥ ይፈልጋቸዋል። አዋቂ ከልጅ ጋር ተቀምጦ መጫወቱ በማይዘወተርበት ገጠር ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ልጁ ከአባቱ ጋር እርፍ አጠገብ ሲሄድ፣ ከእናቱ ጋር ቡና ሲቀርብ የሚኖረው ቦታ የመማሪያው ቦታ ሊሆን ይችላልና።

ትምህርት ቤቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ

እስከዚህ ድረስ በተነገረው ታሪክ ውስጥ ካህኑ፣ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የሥነ ልቡና ባለሙያውና እናቲቱ ይገኛሉ። መምህሩ ግን ብዙም አይታይም። ይህ የሚያስገርም ነው፤ ልጁን በሳምንት አምስት ቀን ከእኩዮቹ ጋር አነጻጽሮ የሚያይ ሌላ ሰው በቀበሌው ውስጥ የለምና። ከዐሥሩ ጥያቄዎች ውስጥ ቢያንስ አምስቱን፣ ማለትም ስለ አነጋገር፣ ስለ መውደቅ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ መዘግየትና ስለ ጨዋታ የሚጠይቁትን፣ መምህሩ ከወላጁ ባልተናነሰ ሊመልሳቸው ይችላል።

ሕጉ ለዚህ ተግባር መሠረት ጥሏል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤቶች አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1998 ዓ.ም. የወጣውና በ2004 ዓ.ም. የተሻሻለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂም የተለየ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች በመደበኛ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ያዛል። ሆኖም ዱላ የተከለከለበት መምህር በዱላ ምትክ ምን እንደሚያደርግ ካልተነገረው የሚቀረው ወይ በስውር መምታት ወይ ልጁን መተው ነው። ፈዞ የሚቀመጠው ልጅ ላይ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

በባሕር ዳር አካባቢ በምትገኘው በሞሰቦ ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ብርሃነ ሔዋን የተባለው ፕሮግራም በዚሁ አካባቢ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል። ፕሮግራሙ ያለ ዕድሜያቸው ለሚዳሩ ወይም ለመዳር የታጩ ልጃገረዶች የተዘጋጀ ነበር። ልጃገረዶቹ ከጎልማሳ ሴት መሪ ጋር በቡድን ይሰበሰባሉ፤ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸዋል፤ የማኅበረሰቡ አባላት ስለ ጋብቻ ዕድሜ ይወያያሉ፤ ሳይዳሩ ፕሮግራሙን ለፈጸሙትም ቤተሰቦች በግ ይሰጥ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው ግምገማ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች በትምህርት ላይ የመቆየት ዕድላቸው እንደ ጨመረ፣ የመዳር ዕድላቸውም እንደ ቀነሰ አረጋግጧል። በጉ የገበሬ ቤት የሚያውቀው ጥሪት ነው። የቡድኑ ስብሰባ ደግሞ ልጅቱ ያላትን ፍርሃት ከእኩዮችዋ ጋር የምትናገርበትን ስፍራ ሰጥቷታል። ከበዛብህ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይህ ነው፤ ስለ ልጅቱ ዕድል ሲወሰን ልጅቱም ትጠየቅ ጀመር።

ይህ ሁሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የበለጠ ክብደት አግኝቷል። በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምዕራብ ጎጃምን ጨምሮ በብዙ ቦታዎች ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ ልጆችም ለረጅም ጊዜ ከትምህርት ገበታ ተለዩ። እንዲህ ያለ ጊዜ ያሳለፈ ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ የሚያመጣው ነገር በመልመጃ ደብተር ላይ አይታይም። በኢትዮጵያ የ1977ቱን ረሀብ በሕፃንነታቸው አልፈው ያደጉ ወጣቶችን ያነጋገሩት ሁለት ኖርዌያውያን ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እነዚያን ልጆች ያቆማቸው ምን እንደ ሆነ ጠይቀው ነበር። ያገኙትም መልስ እምነት፣ ተስፋ፣ በሕይወት ያለ ዘመድ ማግኘት፣ እንዲሁም የትውልድ ሥፍራንና ያለፈ ሕይወትን ማስታወስ የሚል ነው። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም በመድኃኒት መደብር አይሸጥም። አራቱንም መምህር ሊጠብቃቸው ወይም ሊያፈርሳቸው ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ታሪክ በአጭሩ ሲታይ የሕፃናትን የአእምሮ ጤና የሚመለከት ሥራ በኢትዮጵያ የተሳካው ባለሙያው ወደ ቤተሰቡ በቀረበበት፣ ጥያቄውንም በቤተሰቡ ቋንቋ በጠየቀበት ጊዜ ነው። ከዚህ በመነሣት ለትምህርት ሥራ የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

በመጀመሪያ፣ ዐሥሩ ጥያቄዎች በየአካባቢው አነጋገር ተፈትነው በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ትምህርት ውስጥ ቢገቡ ለመምህሩ የማየት ዘዴ ይሆኑታል። መጠይቁ ልጁን በበሽታ ስም ለመጥራት እንዳልተዘጋጀ ግን አብሮ ሊነገር ይገባል። ወንፊቱ ሚዛን እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ በየትምህርት ቤቱና በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ መካከል የታወቀ መንገድ ይኑር። መምህሩ ለማን እንደሚናገር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤተሰቡን መቼ እንደምትጎበኝ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ሆስፒታል ምን እርዳታ እንደሚገኝ አስቀድሞ ቢታወቅ በሚጥል በሽታ ምክንያት ከትምህርት የሚቀረው ልጅ ቁጥር ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ የወላጆች ስብሰባ ስለ መዋጮና ስለ ፈተና ውጤት ብቻ መነጋገሪያ ሆኖ እንዳይቀር ያስፈልጋል። ጠበል የወሰደችውን እናት መምህሩ «ለምን ወሰድሽው?» ብሎ ቢጀምር ንግግሩ እዚያው ያበቃል። «እዚያ ሳላችሁ እንዴት ነበር? እንቅልፍ ይተኛ ነበር? ምን ይል ነበር?» ብሎ ቢጠይቃት ግን ከማንም ሐኪም በፊት ልጁን ለብዙ ቀናት ያስተዋለች ሰው የምትሰጠውን ምስክርነት ይሰማል።

በመጨረሻም፣ ዝም ያለው ልጅ ይታይ። የሚረብሸውን ልጅ ክፍሉ ሁሉ ያየዋል፤ ጨዋ የተባለውን ግን ማንም አይጠይቀውም። በማንኩሳም ሆነ በሌላው የምዕራብ ጎጃም ገጠር መምህር የስም መዝገቡን ሲጠራ «አቤት» ከሚሉት ድምፆች መካከል ከዕለት ወደ ዕለት እየቀነሰ የሚሄድ አንድ ድምፅ ሊኖር ይችላል። ያን ድምፅ ለይቶ የሚሰማና ከክፍል በኋላ ልጁን በስሙ ጠርቶ «ምን ሆነሃል?» የሚለው መምህር ልጁ ሊያገኝ ከሚችለው የአእምሮ ጤና አገልግሎት የመጀመሪያውን ክፍል ፈጽሟል።